ልጃችሁ የሚዳቋ ግልገል ደብቆ ካገኛችሁት

ባለፈው ክረምት ልጄን ደቡብ ጎንደር እናቴ ጋ ወስጃት ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ልጅ ስለሆነች ገጠር ለሷ ሌላ ዓለም ነው፤ ጥጃውን ታቅፋለች፣ ዶሮዎቹን ታሯሩጣለች፣ ከእረኞቹ ጋር ውላ አመሻሽ ላይ በጭቃ ተለውሳ ትመለሳለች። አንድ ማታ እቴቴ "ወተቱን ምን ነካብኝ?" አለች። ጠዋት ታልቦ ጆግ ውስጥ የተቀመጠው ግማሽ ሆኗል። ድመቷ ተጠረጠረች። በማግስቱ ደግሞ የኔ ፎጣ ጠፋ። አስር ሰዓት ገደማ ልጅቷ ሹራቧ ስር ሃይላንድ ሸጉጣ ወደ ጓሮ ስትወጣ አየኋትና ቀስ ብዬ ተከተልኳት።

ከጭድ ክምሩ ጀርባ አሮጌ እንቅብ ተደፍቷል። ቀና ስታደርገው ፎጣዬ ላይ የሚዳቋ ግልገል ተኝቷል። ከድመት ብዙ አይበልጥም። እግሮቹ እርሳስ ያህላሉ። አፍንጫው ጥቁርና እርጥብ ነው፤ ከጆሮዎቹ በቀር ምንም አይንቀሳቀስም። ልጄ ዞር ብላ ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ።

"አባዬ፣ አትንገርብኝ። እናት የለውም።"

እናት የለውም የሚለው ነገር ነው ብዙ ግልገል የሚገድለው። እኔም በልጅነቴ እዚያው ቀበሌ ውስጥ አንዱን እንዲሁ ብዬ ወስጄ፣ ላም ወተት ግቼ፣ በአራተኛው ቀን ክንዴ ላይ ሞቶብኛል። ስለዚህ ያኔ አንድ ትልቅ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ የምመኘውን ሁሉ በቅደም ተከተል እጽፍላችኋለሁ። ልጅ ይዞ ገጠር የሚሄድም፣ እዚያው የሚኖርም ይጠቅመዋል።

1. ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ

መጀመሪያ አትጩሁ። ለልጁ ብቻ ብዬ አይደለም። ግልገሉ ጩኸት ሲሰማ ልቡ ሊፈነዳ ይደርሳል፤ እንደ ሚዳቋና ድኩላ ያሉ እንስሳት ከመባረርና ከመያዝ ድንጋጤ ብቻ ጡንቻቸው ተጎድቶ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ የሚሞቱበት ጊዜ አለ። ልጁም ከተቆጣችሁት ይዋሻችኋል። ውሸቱ ደግሞ ግልገሉን ያስከፍለዋል፣ ምክንያቱም የት እንደተገኘ በትክክል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ቁጭ በሉ። ከልጁ ቁመት እኩል ሁኑ። እኔ "የኔ እናት፣ አልቆጣሽም፤ ግን ሁሉንም በትክክል ንገሪኝ" ነው ያልኳት። ከዚያ አራት ነገር ጠየቅኳት፦ የት አገኘሽው? መቼ? ስታገኚው ምን ያደርግ ነበር? ምን አበላሽው? እያንዳንዱ መልስ በኋላ ያስፈልጋችኋል። የልጄ መልስ እንዲህ ነበር፦ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ጫፍ፣ ትናንት ጠዋት፣ ሣር ውስጥ ዝም ብሎ ተኝቶ፣ ወተት ሁለት ጊዜ።

2. ምን እንስሳ እንደሆነ እወቁ

ሰኮና ካለው፣ ማለትም ሚዳቋ ወይም ድኩላ ከሆነ፣ ቀጥሎ የምጽፈው በሙሉ ለእናንተ ነው።

ጥፍርና ክራንቻ ካለው ነገሩ ሌላ ነው። የጅብ፣ የነብር ወይም የአቦሸማኔ ግልገል ከሆነ እናቲቱ ቅርብ ልትሆን ትችላለችና ልጁን ወዲያው አርቁ፤ ራሳችሁ ለመመለስ አትሞክሩ፣ ሰው ጥሩ። ጦጣና ዝንጀሮም ይነክሳሉ፣ መንጋውም ግልገሉን ፍለጋ ሊመጣ ይችላል።

ልጁን ነክሶት ወይም ቧጭሮት ከሆነ፣ ምንም እንስሳ ይሁን፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አስራ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ የውሻ ብቻ አይደለም። ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮዎቻችንን በተደጋጋሚ የፈጀው እሱ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚሠራው ቀድሞ ሲሰጥ ነው። "ትንሽ ጭረት ናት" ብላችሁ አትለፉት።

3. በእርግጥ እናት የለውም?

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

የሚዳቋ እናት ከግልገሏ ጋር አትውልም። ቁጥቋጦ ወይም ረጅም ሣር ውስጥ አስተኝታው ትሄዳለች። ርቃ ትግጣለች፣ በቀን የተወሰነ ጊዜ ብቻ መጥታ አጥብታው፣ ልሳ አጽድታው ተመልሳ ትሄዳለች። ይህን የምታደርገው እሷ አጠገቡ ከቆመች ጅብና ቀበሮ የሷን ጠረን ተከትለው ስለሚያገኙት ነው። ግልገሉ ጠረኑ ትንሽ ነው። መሬት ላይ ተለጥፎ ዝም ካለ በአጠገቡ አልፈው ይሄዳሉ። ድኩላም እንደዚሁ ታደርጋለች፣ እንዲያውም የልጇን ኩስ ሳይቀር በልታ ጠረኑን ታጠፋለች።

እንግዲህ አንድ ልጅ ከብት እየጠበቀ ሲሄድ ብቻውን የተኛ፣ የማይሸሽ፣ ቢነኩትም የማይነሳ ግልገል ቢያገኝ ምን ያስባል? የተጣለ ይመስለዋል። ልጄም "ወደደኝ እኮ፣ ሳነሳው እንኳን አልሸሸም" አለችኝ። የኔ እናት፣ ፈርቶ ነው፤ በተፈጥሮው የሚያውቀው መደበቂያ እሱ ነው፣ ዝም ማለት። ይህን ስነግራት እጇን ከጀርባው ላይ አነሳች።

በእርግጥ እናት የሌለው ወይም እርዳታ የሚፈልግ ግልገል እንዲህ ይለያል፦ እናቲቱ ሞታ አጠገቡ ታይታለች፣ ወይም ወጥመድ ይዟታል። ሰውነቱ ቀዝቅዟል። ዝንብ ወርሮታል ወይም ቁስሉ ላይ እጭ አለ። ያለማቋረጥ እየጮኸ ይንከራተታል። እግሩ ተሰብሯል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ እናት አለው ብላችሁ ተነሱ።

ሌላም በየመንደሩ የሚነገር ነገር አለ። የሰው እጅ ከነካው እናቱ አትቀበለውም ይባላል። ብዙ ጊዜ እንደዚያ አይደለም። የእናት አንጀት በአንድ ቀን የሰው ጠረን አይቆረጥም። ይህ አባባል ስንቱን ግልገል ቤት ውስጥ አስቀርቶ እንደገደለ ሳስብ ያናድደኛል።

4. ዛሬውኑ መልሱት

ነገ አትበሉ። እናቲቱ ትፈልገዋለች፣ ጡቷም ሞልቷል፤ ቀን በጨመረ ቁጥር ግን ወተቷ ይደርቃል፣ ቦታውንም ትተዋለች። አንድ ቀን አንድ ሌሊት ያለፈው ግልገል ጥሩ ተስፋ አለው። ሦስት ቀን ካለፈውም ሞክሩ፣ ግን ከባለሙያ ጋር።

መጀመሪያ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ አሳስሩ። እኛ ቤት ሁለት አሉ፣ ጎረቤት ደግሞ አንድ፤ ሦስቱንም እስክናስር ሩብ ሰዓት ፈጀብን፣ ግን ያለዚያ ዋጋ የለውም፣ ውሻ ዱካችሁን ተከትሎ ደርሶ እናንተ ዞር ስትሉ ይበላዋል።

አያያዙ እንዲህ ነው። ንጹህ ጨርቅ ወይም ነጠላ ያዙ። አራቱንም እግር ከሆዱ ስር አጥፋችሁ፣ ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ አቀፉት። እግሩን አንጠልጥላችሁ አትሂዱ፣ ከተንፈራገጠ ይሰበራል። ዓይኑን በጨርቁ ጫፍ ሸፈን አድርጉለት፣ ጨለማ ያረጋጋዋል። አፍንጫው ግን ክፍት ይሁን። አትዳብሱት፣ አታውሩት፣ አትሳሙት። ልጁ መሳም ይፈልጋል፤ "አንዴ ብቻ" ይላል፤ እንቢ በሉ።

ሰዓቱ ቀን ቢሆን ይመረጣል፣ ቢመሽ ደግሞ ጅብ ከመውጣቱ በፊት። እኛ አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረስን።

ቦታውን ልጁ ያሳያችሁ። በግምት ሳይሆን በትክክል። ልጄ መጀመሪያ "እዚህ ነው" አለች፣ ቆየት ብላ "አይ፣ አጋሙ በግራዬ ነበር" አለች፣ ትንሽ ወጣ ብላ ክትክታው ስር ቆመች። ሣሩ ላይ የተኛበት ቦታ እንደ ሰሐን ጎድጎድ ብሎ አሁንም ይታያል። እናቲቱ ተመልሳ የምትመጣው እዚያው ነው። ከፀሐይና ከጎርፍ ከለል ያለ መሆኑን አይታችሁ አስቀምጡት።

(የቤተ ክርስቲያን ደን ለማያውቅ ሰው፦ ደቡብ ጎንደር ላይ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ የቀረው ጥንታዊ ደን በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያኖቹ ዙሪያ ያለው ነው። ለሚዳቋም ለጦጣም የቀረላቸው መጠለያ ያ ነው። ስለዚህ ከዚያ ጫፍ ላይ አንድ ግልገል መውሰድ ቀላል ነገር አይደለም።)

ግልገሉን ያስቀመጠችው ልጄ ራሷ ናት። እኔ ልቀበላት እጄን ስዘረጋ "እኔ ነኝ የወሰድኩት" አለችኝ። ተውኳት። እናንተም ተዉት፤ ልጁ የወሰደውን በገዛ እጁ ይመልስ።

ከዚያ ሂዱ። ቆማችሁ አትዩ። ሰው ካለ እናቲቱ አትመጣም። የግድ ማየት ካለባችሁ መቶ፣ ሁለት መቶ ሜትር ርቃችሁ፣ ነፋሱ ከሷ ወደ እናንተ በሚነፍስበት በኩል፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ስልካችሁን አጥፍታችሁ። በማግስቱ ማለዳ አንድ ጊዜ ብቻ ሄዳችሁ እዩ።

እኛ ማለዳ ስንሄድ ጉድጓዳው ባዶ ነበር። ልጄ ማልቀስ ጀመረች፣ ጅብ የበላው መስሏታል። ደም የለም፣ ፀጉር የለም። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ጭቃው ላይ ዱካ አለ፤ አንዱ የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያህል፣ ከጎኑ ደግሞ ተለቅ ያለ፣ ሁለቱም ወደ ደኑ ውስጥ። ልጄ ቁጭ ብላ በጣቷ ጫፍ ዙሪያውን ነካ ነካ አደረገችው። ዱካውን እንዳታበላሽ በጣም ተጠንቅቃ።

5. ወተት አትስጡ

ልጆች ሁሉ የሚሠሩት ስህተት ስለሆነ ለብቻው አነሳሁት። የሚዳቋ ወተት ከላም ወተት በጣም ይወፍራል፣ ቅባቱና ፕሮቲኑ ይበዛል። የላም ወተት ሲሰጠው ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ውሃው ከሰውነቱ ያልቃል፣ ያልቃል ግልገሉም። የኔው የሞተው እንደዚህ ነው። ጭራው ስር ያለው ፀጉር ረጥቦ ተጣብቆ ነበር፤ እኔ ደግሞ የራበው መስሎኝ ጨመርኩለት።

ሌላው ገዳይ አሰጣጡ ነው። ልጆች እንደ ሕፃን በጀርባው አስተኝተው አፉ ውስጥ ያንጠባጥቡለታል። ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል። ያስለዋል፣ በአፍንጫው አረፋ ይወጣል፣ ከዚያ ይሞታል።

ለጥቂት ሰዓታት ማደሪያ ብቻ ከሆነ ምንም አትስጡት። እናቱም ቢሆን ሰዓታት ሙሉ ሳታጠባው ትቆያለች፣ አይሞትም።

6. እናቱ በእርግጥ ከሌለች

ሞቅ ያለ፣ ጨለም ያለ፣ ጸጥ ያለ ቦታ። ካርቶን ውስጥ ደረቅ ጭድ። ውሻ፣ ድመት፣ ተመልካች አይድረስበት። ቀዝቅዞ ከሆነ መጀመሪያ መሞቅ ነው ያለበት፤ ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቡ አድርጉ። የቀዘቀዘ ግልገል ሆዱ አይፈጭም፣ ምግብ ከሰጣችሁት ይጎዳል።

ከዚያ ስልክ አንሱ። ገጠር ላይ የሚቀርበው ቀበሌው ነው፣ ቀጥሎ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና የእንስሳት ጤና ክሊኒኩ። ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ከሆናችሁ ስካውቶቹን አግኙ። አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አለ። ሆለታ አጠገብ ደግሞ ቦርን ፍሪ የተባለው የዱር እንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የሚያስተዳድረው እንሰሳ ኮቴ የሚባል ማዕከል አለ፤ ከሕገ ወጥ ነጋዴና ከየሰዉ ግቢ የተወሰዱ አንበሶች፣ አቦሸማኔዎች፣ ጦጣዎች የሚያገግሙበት ነው።

መንገዱ ሩቅ ሆኖ ባለሙያው ነገ ነው የምመጣው ካላችሁ፣ ምን ያህልና በየስንት ሰዓቱ እንደምትሰጡት እሱን ጠይቁት። ከቤት ካለው የፍየል ወተት ከላም ይሻላል። ለብ ያለ ይሁን፣ ጥቂት ጥቂት ይሁን፣ በጡጦ፣ ግልገሉ በደረቱ ተቀምጦ ወይም ቆሞ፣ አንገቱን ትንሽ ቀና አድርጎ። ካጠባችሁት በኋላ ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ ከጭራው ስር ቀስ ብላችሁ ጥረጉት፤ እናቱ የምትልሰው ለዚህ ነው፣ ያለዚያ ሽንትም ኩስም አይወጣለትም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

7. ጎረቤቱን፣ ቲክቶኩን፣ "እናሳድገው"ን

ወሬው ከወጣ ሦስት ዓይነት ሰው ይመጣል። አንዱ "ይታረድ፣ ሥጋው ይጣፍጣል" ይላል። አንዱ "ልግዛችሁ" ይላል። አንዱ ቪዲዮ ያነሳል። ሦስቱንም በጨዋ ደንብ አሰናብቱ። ቪዲዮው ምንም የማይጎዳ ይመስላል፣ ግን ቦታውን ያሳያል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ልጅ ለላይክ ብሎ ሌላ ግልገል ያነሳል።

ሕጉንም እወቁ። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል። የሚዳቋዋ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ በሶማሌ ክልል በኩል እየታፈሱ በሶማሌላንድ ወደብ አድርገው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጫኑት የአቦሸማኔ ግልገሎችም ግን መጀመሪያ እንዲሁ ከእናታቸው ጉያ የተነሱ ናቸው፣ ብዙዎቹም መንገድ ላይ ያልቃሉ። ኤምሬትስ እንደነዚህ ያሉ አውሬዎችን በግል ማሳደግ የሚከለክል ሕግ በ2016 (እ.ኤ.አ.) አውጥታለች። እዚያ ያላችሁ ወገኖች መኪና ውስጥ የተቀመጠ አቦሸማኔ ቪዲዮ ሲመጣላችሁ አታጋሩት።

"እናሳድገው" ለሚለው ደግሞ መልሱ ይሄ ነው፦ በሰው እጅ ያደገ ወንድ ሚዳቋ ወይም ድኩላ ሲጎረምስ ሰውን እንደ ባላንጣው ያያል። ቀንድ ያወጣል። ይዋጋል። ያኔ ጫካም አይለቀቅ፣ ጫካውን አያውቀው፤ ቤትም አይያዝ። መጨረሻው ቢላ ነው፣ ያንን ደግሞ የሚያየው ያው ያሳደገው ልጅ ነው።

8. ልጁን ከዚያ በኋላ

ያዝናል። አታቻኩሉት፣ "ሌላ ድመት እገዛልሃለሁ" አትበሉት። የኔዋ ሁለት ቀን ምግብ ቀነሰች። በሁለተኛው ማታ አጠገቧ ተኝቼ የራሴን ነገርኳት፣ አራቱን ቀን በሙሉ፣ የሞተበትን ጠዋት ጭምር፣ ማንንም ሳልነግር ከወንዙ ዳር እንደቀበርኩት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ቆይታ "ስም አውጥተህለት ነበር?" አለችኝ። አውጥቼለት ነበር። ነገርኳት።

ግልገሉ ሞቶ ያገኛችሁትም ከሆነ እንደዚያው እውነቱን ንገሩት፣ "ወደ እናቱ ሄደ" አትበሉት። በባዶ እጅ ሳትነኩት አብራችሁ ቅበሩት፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ከዚያ ሥራ ስጡት። ፍቅሩ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። እኛ አንድ ደብተር ገዛን። ዱካ ትስላለች፣ ስንት ሰዓት እንዳየችው፣ ዘንቦ እንደነበር ትጽፋለች። ለእረኞቹ ልጆች ግልገል ለምን ብቻውን እንደሚተኛ ያስረዳቻቸው እሷ ናት፣ እኔ ካስረዳኋት በላይ አሳምራ። ከእረኞቹ አንዱ ትልቁ ልጅ "እኔም ባለፈው ዓመት አንድ አንስቼ ነበር" አለ። ምን እንደሆነ አልተናገረም። ልጄም አልጠየቀችውም፣ እርሳሷን ሰጠችው፣ እሱም የሚያውቀውን ዱካ ሁሉ ሳለላት።

ልንመለስ ስንል አጎቶቿ ቦታውን ሊያወጣጧት ብዙ ሞከሩ፣ ብስኩት ሳይቀር ገዝተውላት። ብስኩቱን በላች። ቦታውን አልተናገረችም።